በአያ ታከለ ከባድ ብስክሌት ከአሽዶድ ወደ ኢየሩሳሌም

ከተመለስኩ ጀምሮ ጎማ ሊያስለጥፍ የሚመጣ ሁሉ ስለ ቅድስት አገር አይጠይቀኝም። የሚጠይቀኝ፣ «በአንድ ጣት የሚነሣ ብስክሌት አለ ያልከው እውነት ነው? ዳገት ላይስ እንዴት ነው?» እያለ ነው። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፤ የያዝኩት ከመነዳሪም ሳይለጠፍ ይመሻል። ብዙ መናገር ደግሞ አይሆንልኝም። ስለዚህ ያየሁትን በየቀኑ ከፋፍዬ ጻፍኩት። የጠየቀኝ ሁሉ ተቀምጦ ያንብብ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ።

መጀመሪያ ማን ዘንድ እንደሄድኩ ልንገር። የአባቴ እኅት እትዬ ብርቄ፣ ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑትን አያ ታከለን አግብታ እዚሁ ጎንደር ዙሪያ ትኖር ነበር። በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. አዲስ አበባ የተሰበሰቡት በአውሮፕላን ሲወሰዱ ከባሏና ገና ፊደል ካልቆጠረው ልጇ ከዳኛቸው ጋር ሄደች። አሁን የሚኖሩት አሽዶድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ዳኛቸው እዚያ ዳኒ ሆኗል፤ ውትድርናውን ጨርሶ አባቱ በሚሠሩበት መጋዘን ዕቃ ይጭናል። ለአንድ ወር መጥተህ ጠይቀን ብለው የጠሩኝ እነሱ ናቸው። እኔም የሄድኩት በኅዳር ነው።

ሰኞ

አውሮፕላኑ ያረፈው ማለዳ ነው። ዳኒ ተቀብሎኝ በባቡር ሄድን። የባቡሩ መስኮት እንደኛ አገር አውቶቡስ አይከፈትም፤ ብርቱካን የሚሸጥ ሰውም ሥሩ አይሮጥም። የወረድንበት ጣቢያ አድ ሃሎም ይባላል፤ ዙሪያው ፋብሪካና መጋዘን ነው። ከዚያ ሮቫ ቫቭ ወደሚባለው ሰፈራቸው በከተማ አውቶቡስ ስንሄድ ሾፌሩ ለዳገት ብሎ አንድም ጊዜ ማርሽ ሲቀንስ አልሰማሁም። እኔ ጎንደር ዳቦ ለመግዛት እንኳ አንድ ዳገት ወጥቼ አንድ ቁልቁለት እወርዳለሁ። እዚህ ግን ከተማው በሙሉ አሸዋ ላይ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል።

ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዳኒ ክፍል፣ ከአልጋው በላይ፣ እኛ ዘንድ የአያት ፎቶግራፍ በሚሰቀልበት ቦታ ብስክሌት ተሰቅሏል። ጥቁርና ቀጭን ነው። ዳኒ በአንድ ጣቱ አውርዶ እኔ ጣት ላይ አንጠለጠለው። ባዶ ጀሪካን የያዝኩ መሰለኝ።

«ካርቦን ነው» አለኝ። «ብረት የለውም ማለት ትችላለህ።»

«ለብስክሌቱ ግድግዳ ሰጥቶ አንተን መሬት ሊያስተኛህ ነው» አለች እትዬ ብርቄ ፍራሽ እየጎተተች። «የገዛው ሰሞንማ አልጋው ላይ ነበር የሚያሳድረው።»

የአያ ታከለ ብስክሌት ግን የሚያድረው ደረጃ ሥር ታስሮ ነው። ከባድ ብረት ነው፤ ጭቃ መከላከያ አለው፣ ከኋላው የአትክልት ሳጥን ታስሮበታል፣ ማርሽ የለውም። ሥራ የሚመላለሱት በእሱ ነው። ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ፤ እኔ የምጠግናቸው ሁሉ የእሱ ወንድሞች ናቸውና።

እራት ላይ አያ ታከለ ልጃቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «እስቲ ጠይቀው፣ አምና ለስግድ በምን እንደመጣ» አሉኝ።

«አባ፣ ተው በቃ።»

«ዶሮ በሚጭን መኪና መጣ። ቄሶቹ ቆመው ይጸልያሉ፣ እሱ ከዶሮ ሣጥን መሐል ይወርዳል። ላባ ጠጉሩ ላይ ነበር።»

ስግድ የቤተ እስራኤል በዓል ነው። ጎንደር ሳሉ ጾመው ተራራ ላይ እየወጡ ሲጸልዩ ይውሉ ነበር፤ አሁን የሚወጡት ኢየሩሳሌም ነው። ኢየሩሳሌም ደግሞ ከፍታ ላይ ናት፤ ከባሕሩ ዳር ለሚነሣ የመንገዱ መጨረሻ ዳገት ነው። ዳኒ አምና በበዓሉ ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ከአሽዶድ ተነሥቶ፣ እንደ አባቱ ጾሞ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ሊወጣው ሞከረ። ዳገቱ መሐል እግሩ ከዳው። ያነሣው የዶሮ ነጋዴ ነበር።

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። በኋላ ግን ደረጃው ላይ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ «ዓመቱን ሙሉ ይህን ነው የሚያወራው። ምኩራብ ውስጥ ሰዎች እንደ ዶሮ ይጮኹብኛል» አለኝ። «ዘንድሮ ዳገቱን እግሬ መሬት ሳይነካ እወጣለሁ። አባ እዚያ ቆሞ ያየኛል። ካልሆነ ሁለተኛ አልሞክርም።»

ለዚህም ብስክሌቱን የበለጠ አቅልሎታል። ደወሉ የለም፤ የውኃ ማስቀመጫው የለም፤ የመቀመጫው ስፖንጅ እንኳ ተልጧል።

ማክሰኞ

ማታ ዳኒ «በአባ ብስክሌት እኔን አትከተለኝም» ሲለኝ፣ እኔም «እከተልሃለሁ» ስለው አያ ታከለ ሰምተው ነበር። «መጋዘን ሚዛን እያለ ምን ያጨቃጭቃችኋል» ብለው ሁለታችንንም ከነብስክሌቶቻችን አድ ሃሎም ወሰዱን።

ሚዛኑ ከወለሉ ጋር የተስተካከለ ሰፊ ብረት ነው። ቁጥሩን የሚያነብልን ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳ ጢማም ሩስያዊ ነበር። የዳኒ ብስክሌት ስምንት ኪሎ ሆነ። የአያ ታከለ ዐሥራ ዘጠኝ። ዳኒ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«አሁን ተቀመጡባቸው» አሉ አያ ታከለ።

ዳኒ ሲቀመጥ ዘጠና አራት ሆነ። እኔ በዚያ ብረት ላይ ስቀመጥ ሰባ አምስት። ሩስያዊው ጢሙን እያሻሸ አንድ ነገር ተናገረ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ዳኒ ሊተረጉምልኝ አልፈለገም፤ አባቱ ተረጎሙልኝ። «ከብስክሌቱ የሚቀነስ አልቋል፣ ከላዩ ላይ ካለው ቀንስ፣ ነው የሚለው።»

ዳገት ብስክሌቱን ለብቻ፣ ሰውየውን ለብቻ አይመዝንም፤ የሚጎትተው ድምሩን ነው። ከዘጠና አራት ላይ የደወልና የስፖንጅ ክብደት ቢቀነስ ምን ያህል ይሆናል? ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ሚዛኑ ሁሉን አይናገርም። የዳኒ አንድ ጭን የእኔን ሁለት ያህላል። ከባድ ነው፤ የሚገፋበት ሞተርም አለው።

ሐሙስ

ከሥራ በኋላ የባሕሩን ዳር መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንመላለስበት አመሸን። መጀመሪያ እያንዳንዳችን በየራሳችን፣ ከዚያ ተቀያይረን። የዳኒን ብስክሌት ስይዝ መሪው እንደ ደነበረ ፈረስ ወዲህ ወዲያ አለብኝ፤ ሕፃን ይዘው የሚንሸራሸሩ ሰዎች ዳር ያዙልኝ። እንደለመድኩት አጥብቄ ስረግጥ ከሥሬ ሊያመልጥ ነበር።

ሲነሣ በእርግጥ ይበራል። ግን አንዴ ከተንከባለለ በኋላ ያን ያህል ልዩነት አላገኘሁበትም። ሜዳ ላይ ያለው ጠላት ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ ካርቦን ከብረት አይለይም። ትንፋሼን በእኩል ይዤ ያንኑ መንገድ በሁለቱም ሄድኩ። በከባዱ የዘገየሁት አንድ ብርጭቆ ውኃ ለመጠጣት የሚበቃ ያህል ነው። ዳኒ አላመነም፤ እሱም ሞከረ፤ ያው ሆነበት።

«ታዲያ አንተ ጎንደር በምን ትለማመዳለህ?» አለኝ።

«ሳጥኑ ላይ አሸዋ እጭንና ዳገት እወጣለሁ። በከባድ የለመደ እግር በቀላል ይበራል።» ይህን ያልኩት በኩራት ነበር።

«ማ ፒቶም» አለ። እዚያ ሰው የማይመስለውን ነገር ሲሰማ የሚለው ነው። «ታዲያ በእኔ ብስክሌት ለምን አልበረርክም? እግርህ እኮ እያንዳንዱን ፔዳል እንደ ሙቀጫ ነው የሚወቅጠው።»

የእሱ እግር እውነትም እንደ ስፌት መኪና ቶሎ ቶሎ ይዞራል። እኔ ግን አልተቀበልኩትም።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ብስክሌት አይነካም። አመሻሽ ላይ ከአያ ታከለና ከዳኒ ጋር በባሕሩ ዳር በእግራችን ሄድን። ከተማው ሁሉ እዚያ ነው፤ እኛ ዘንድ ለጥምቀት እንደሚወጣው፣ ግን ማንም ለማንም ሰላም አይልም። ድሮ ለስግድ እንዴት ይወጡ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ከተራራው ሥር እናድራለን። ማታውን በደንብ እንበላለን። ጠዋት ጾመን እንነሣለን» አሉ። «ራሱ ላይ ድንጋይ የሚሸከም ሰው አለ፤ ፈጣሪ ፊት ዝቅ ማለት ነው። በኛ መንደር ድንጋይ የያዘውን አልፎ የሚሄድ አልነበረም። ጎረምሳውም፣ ሽማግሌውም ከኋላው ነው።»

«አባ፣ ለምን?» አለ ዳኒ።

«ነውር ነው። ደግሞ ድንጋይ የያዘ አይሮጥም። ያልሮጠ ይደርሳል።»

ዳኒ አምና እንዴት እንደሮጠ አስቤ፣ «አያ፣ ዳኒ ከአሽዶድ ጾሞ ከሚነሣ በዋዜማው ረቡዕ ሄደን ከዳገቱ ሥር ብናድርስ?» አልኳቸው።

ቆሙና ሁለታችንንም ተመለከቱን። «እንግዲያው ድንጋዩን ይኸ ጎንደሬ ይያዝ። አንተ ከኋላው ሁን። ያለፍከው እንደሆነ፣ በዶሮ መኪናም ብትመጣ በእግዜር ሠረገላም ብትመጣ አላውቅህም።»

«ቤሴደር» አለ ዳኒ። እሺ ማለት ነው።

እሑድ

አሽዶድ ውስጥ ድንጋይ የለም። ይህን የጎንደር ሰው አያምነኝም። ከአያ ታከለ ጋር ከሥራቸው መልስ ሰፈሩን ዞርን፤ ያገኘነው አሸዋ፣ ሲሚንቶና የተሰባበረ ሸክላ ነው። እኛ ከማሳችን ለቅመን የማንጨርሰውን ነገር እሳቸው እንደ ጠፋ ከብት ፈለጉት። በመጨረሻ ቤት ከሚሠራበት ግቢ አንዱ ዐረብ ግንበኛ የፈለጉትን ሰምቶ፣ ከክምሩ መርጦ፣ በውኃ አጥቦ ሰጣቸው። አራት ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለምን እንደሆነ ሲነግሩት ሁለተኛ ሊጨምርላቸው ፈለገ።

ረቡዕ

እትዬ ብርቄ ዳቦና እንቁላል ሳጥኔ ውስጥ ከድንጋዩ ጎን አስቀመጠች። ድንጋዩን እንዳይንኳኳ በሻሿ ጠቀለለችው። ዳኒ ምንም አልያዘም።

ከአድ ሃሎም በኋላ ሜዳ ነው፣ የታረሰ ጥቁር መሬት፤ የኛን የደንቢያ ሜዳ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ በሬ አለማየቴ ነው። ብርቱካን ተክል አጠገብ ስንደርስ የዳኒ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። እሱ ለክብደት ብሎ መንፊያ አልያዘም። እኔ የያዝኩት የአያ ታከለ መንፊያ ለወፍራም የአየር ማስገቢያ ቧንቧ የተሠራ ነው፤ የእሱ ጎማ ቧንቧ እንደ እስክሪብቶ ጫፍ የቀጠነ ነው። ቀዳዳውን ለጠፍኩት፤ አየር ማስገባት ግን አልቻልንም።

ትራክተር የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አይተውን ቆሙ። ከሞሮኮ የመጡ ናቸው። ነገሩ ሲገባቸው በስልክ ጎረቤታቸውን ጠሩና እስኪመጣ ድረስ ከዛፍ ሥር አስቀምጠው መንደሪን ይልጡልን ጀመር። ስንጨርስ ሌላ፤ በቃን ስንል ጭራሽ ይቆጣሉ። በዚህስ ሰውየው ጎጃሜ ናቸው አልኩ በሆዴ። ጎረቤትየው መጥቶ ከኪሱ ባቄላ የምታህል የነሐስ ቁራጭ አወጣ፤ በቀጭኑ ቧንቧ ላይ ስትጠመዘዝ የእኔን መንፊያ የምትቀበል ናት። ጎማው ተነፋ። ቁራጯንም ውሰዷት ብሎ ሰጠን።

«እንዲህ ያለች ቤት ውስጥ አለችህ?» አልኩት ዳኒን።

«አለችኝ።»

«ለምን ተውካት?»

መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረጋት። «ክብደት» አለ፣ ከዚያ ራሱ ሳቁ መጣበት።

ሽማግሌው ሳልጠይቃቸው ሳጥኔን በመንደሪን ሞሉት። ዳኒ ወደ ሳጥኑ እያየ፣ «አንተ እኮ ብስክሌት መሆንህ ቀርቶ ገበያ ሆንክ» አለኝ።

ያደርነው «ቤት ሼሜሽ» በምትባል ከተማ፣ ከዳገቱ ሥር፣ የአያ ታከለ ዘመድ ከሆኑት ከእማማ ለተብርሃን ዘንድ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ናቸው፤ በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ። «ብልዑ ደቀይ፣ ብሉ ልጆቼ» እያሉ በማሠሮው ልክ አበሉን። ጎማውን ደረጃ ላይ ስንፈትሽ ወጡና የዳኒን ብስክሌት በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉት።

«በዚህ ላይ ተቀምጦ ነው የሚደክመው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ዳገቱ ከባድ ነው» አለ ዳኒ።

«እኔስ በሜዳ የመጣሁ መሰለህ?» ብለውት ተጨማሪ ወጥ አወጡለት።

ሐሙስ፣ ስግድ

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ዳኒ ጾሙን ነው። እኔ ከቤቱ ጀርባ እንዳያየኝ ተደብቄ ዳቦና መንደሪን በላሁ።

ዳገቱ በጥድ ጫካ መሐል የሚጠማዘዝ ጠባብ መንገድ ነው። ከፊት እኔ፣ ከኋላ ዳኒ። እኔ በእንፉቅቅ ነው የምሄደው፤ ከዚያ ብረት ጋር ሌላ አካሄድ የለም። ዳኒ የመጀመሪያዎቹን ጠመዝማዞች ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል፤ ማርሹን ይቀያይራል፣ ፊት ጎማው ከኋላ ጎማዬ ጎን ብቅ ይልና ይመለሳል።

«ትንሽ ፍጠን።»

«ድንጋይ ይዣለሁ።»

«መንደሪኑንስ ማን ያዝ አለህ?»

ከዚያ ወሬው አለቀ። እግሩ እንደ ስፌት መኪናው መዞር ጀመረ፤ ትንፋሹም ከእኔ ይልቅ የረጋ ነበር። አምና የቆመበትን ቦታ ሲያልፍ ነገረኝ፤ ድምፁ ላይ ምንም ድካም አልነበረም። ያኔ ገባኝ። አምናም ብስክሌቱ ከብዶት አልነበረም፤ ቀላል ስለሆነ ሮጠበት፣ በባዶ ሆዱ ያለችውን ጉልበትም ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ጨረሳት።

ከጫፉ በኋላ ወደ ሸለቆ ቁልቁለት አለ። እዚህ ላይ ያልጠበቅነው መጣ። ቁልቁለት ከባዱን ይወዳል፤ ከነብስክሌቱ ዘጠና አራት ኪሎ የሆነው ዳኒ ፔዳል ሳይመታ ደረሰብኝ። ሊያልፈኝ ሲል ፍሬኑን ጨመቀ። ጎማው ሲጮህ፣ እሱም በዕብራይስጥ ሲራገም፣ እስከ ታች ወረድን። በሕይወቱ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ደክሞ አያውቅም አለኝ።

ቀጥሎ ወደ ከተማው የሚያስገባው የመጨረሻው ዳገት ነው፤ አጭር፣ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ። የእኔ ብረት ማርሽ የለውም ብያለሁ። ቆሜ ረገጥኩ፣ በሙሉ ኪሎዬ ፔዳሉ ላይ ወጣሁ፤ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ወርዶ ቆመ። ወረድኩ።

ዳኒ ከኋላዬ ደረሰ። ማለፍ አይችልም፤ መቆምም አይችልም፤ እግሩ መሬት ከነካ አለቀለት። በጠባቡ መንገድ ላይ ዙሪያዬን ይሽከረከር ጀመር።

«ተነሣ፣ ውጣበት።»

«አይዞርም።»

«ታዲያ እኔስ?» አንድ ዙር ዞረ። «ድንጋዩን ስጠኝ።»

«አራት ኪሎ ነው እኮ» አልኩት።

«ስጠኝ አልኩህ፣ አንተ ጎንደሬ።»

ወደ አንድ ቤት የግንብ አጥር ተጠግቶ በእጁ ተደገፈ፣ እግሮቹ ፔዳል ላይ እንዳሉ። ድንጋዩን በእናቱ ሻሽ ጀርባው ላይ እንደ ሕፃን አሳዘልኩት፤ ደረቱ ላይ አጥብቄ ቋጠርኩ። አጥሩን ገፋና ሄደ። ደወል እንኳ የከበደው ሰው አራት ኪሎ አዝሎ፣ ረጋ ብሎ፣ እግሩን እያዞረ እጥፋቱ ጋ ተሰወረ።

እኔ ብረቱን እየገፋሁ በእግሬ ተከተልኩት። ስለ አሸዋዬ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። አሸዋ መጫን እግሬን ያስተማረው ቀስ ብሎ መውቀጥን ብቻ ነው፤ በትክክለኛ ማርሽ የሚለፋ ሰው በቀላል ብስክሌትም ላይ ያንኑ ድካም ያገኛል፣ ቶሎ ማዞርንም ይማራል። ዳኒ ልክ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ አሸዋውን ሱቄ በር ላይ ደፍቼዋለሁ።

ከብዙ ጥያቄ በኋላ የበዓሉ ቦታ ደረስኩ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ባለ ቀለም ጥላ የያዙ ቄሶች፣ ከታች ከተማዋ። ዳኒ ድንጋዩን እንዳዘለ ከአባቱ አጠገብ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አያ ታከለ ወደ እኔ መጡ።

«አንተ አትዋሽም። እግሩ መሬት ነክቷል?»

«እኔ እስካየሁት አልነካም» አልኩ። «ከመጨረሻው እጥፋት በኋላ ያለውን ግን አላየሁም።»

ዳኒ ዓይኑን ጨፈነ። «አልነካም ብትል ምን ነበረበት?» አለኝ።

«እሱ ካላየ እኔ አይቻለሁ» አሉ አያ ታከለ። «ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ከእጥፋቱ በላይ፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው የቆምኩት። ጸሎቱ ግማሹ አምልጦኛል።»

ዳኒ አባቱን አየ። እሳቸው ግን ሌላ ቦታ ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጾሙ ሲፈታ ዳቦ ተቆረሰ። በቤታቸው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቁራሽ ለእንግዳ ነው፤ በቆየሁበት ጊዜ አንድም ቀን አልቀረም። እጄን ልዘረጋ ስል አያ ታከለ ቁራሹን አሳልፈው ለዳኒ ሰጡት።

«አባ፣ እንግዳው አለ እኮ» አለ ዳኒ።

«እንግዳው በእግሩ ነው የመጣው» አሉ። «ተራውን ይጠብቅ።»